ከሰዓት በኋላ አልታሸግ ያለው ሽሮ፦ የአዳማ አንድ ባልትና ቤት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የአንድ አነስተኛ ባልትና ቤት ነው። ቤቱ አዳማ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ያዘጋጃል። ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ ያመጣውን በግማሽ ኪሎና በአንድ ኪሎ ላስቲክ እያሸገ ለሱቆች ያከፋፍላል። የማሸጊያው ክፍል 4 በ5 ሜትር ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ 3 ሜትር፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከሱቆች ቅሬታ መምጣት ጀመረ፤ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ባሰበት። የታሸገው አፍ ይከፈታል፣ ዱቄቱ ካርቶን ውስጥ ይፈሳል፣ አንዳንዱ ላስቲክ ሲጫኑት ብቻ ጥግ ላይ ይተነፍሳል። ችግሩ በሽሮና በበሶ ላይ የበረታ ነበር፤ በርበሬው ብዙም አልተነካም።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ማሸጊያው ማሽን ነው። ማሽኑ በየሱቁ የሚታየው በእጅ የሚጫን ዓይነት ነው፦ ክንዱ ሲወርድ በቴፍሎን ጨርቅ ሥር ያለ ቀጭን ጥብጣብ ሽቦ ለአፍታ ይግላል። ላዩ ላይ ያለው ቁልፍ የሚቆጣጠረው ሽቦው ምን ያህል ጊዜ እንደሚግል ነው። ቁልፉ ከ3 ወደ 6 ተዛወረ። ውጤቱ የባሰ ሆነ። ላስቲኩ የተሠራበት ስሱ ፖሊኢትሊን የሚቀልጠው ከ105 እስከ 115 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ብዙ ሲቆይ እሽጉ ጠርዝ ላይ ይሳሳል፣ ትንሽ ሲጎተት በዚያው መስመር ይበጠሳል። ቴፍሎኑም ጠቆረ። ቀጥሎ ላስቲክ አቅራቢው ተወቀሰና ወፍራም ላስቲክ ተገዛ። ወጪው ጨመረ፣ ችግሩ ግን ባለበት ቀረ።

በዚህ ላይ ሌላ ስጋት ተደረበ። ሠራተኞቹ ከሰዓት በኋላ የማሽኑን ብረት፣ የበሩን እጀታ ወይም የጠረጴዛውን እግር ሲነኩ ይነዝራቸው ጀመር። «ማሽኑ ኤሌክትሪክ አሾልኳል» ተባለ፤ ኤሌክትሪሺያን ተጠርቶ ፈተሸ፣ ምንም አላገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት የግድ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላልና። ከ220 ቮልት መስመር የሾለከ ኤሌክትሪክ ብረቱን በነኩት ቁጥር፣ ነክተው በቆዩ መጠን ሁሉ ይነዝራል፤ ቴስተርም ያለማቋረጥ ይበራል፤ ሶኬቱ ሲነቀል ያበቃል። ስታቲክ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም በዕቃ ወይም በሰውነት ላይ ተከማችቶ የሚቆየው፣ ግን ጠቅ ብሎ አንዴ ብቻ ይነዝራል፤ ወዲያው ደግመው ቢነኩት ምንም የለም፤ ሶኬቱ ተነቅሎም፣ መብራት ጠፍቶም ይነዝራል። የበሩ እጀታ ከየትኛውም ሽቦ ጋር ሳይገናኝ መንዘሩ ራሱ በቂ ምልክት ነበር። ቢሆንም ፍተሻው መቅደም ነበረበት፤ «ስታቲክ ነው» ብሎ የሾለከ ማሽን ላይ መሥራት አይገባም።

ፍንጮቹ

ማሽኑን ነጻ ያወጣው ቀላል ሙከራ ነው። ባዶ ላስቲክ አየር እንደያዘ በ3 ቁጥር ታሸገና ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ተጨምቆ ታየ፤ አረፋ አልወጣም። ሽሮ የተሞላበት፣ በዚያው ቁጥር የታሸገ ላስቲክ ግን ከእሽጉ መስመር አረፋ ለቀቀ። የእሽጉ መስመር ተቆርጦ በመስኮት ብርሃን ሲታይ በሁለቱ የላስቲክ ገጾች መካከል የተቀበሩ ደቃቅ ቢጫ ነጥቦች ተገኙ። ሁለት ገጾች ቀልጠው አንድ የሚሆኑት ሲነካኩ ነው፤ በመካከላቸው ዱቄት ካለ ምንም ያህል ቢሞቁ በዚያች ነጥብ ላይ አይዋሃዱም። እጥረቱ የሙቀት አልነበረም። ጥያቄው «ማሽኑ ለምን አይዘጋም?» መሆኑ ቀርቶ «ዱቄቱ እስከ ላስቲኩ አፍ ድረስ ለምን ወጣ?» ሆነ።

ቀጣዩ ፍንጭ ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት የታሸገው እምብዛም አይመለስም፤ የሚመለሰው በአብዛኛው ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት የታሸገው ነው። ሦስተኛው ፍንጭ እንግዳ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዷ ላስቲኩን ለመክፈት አፉን እፍ ትልበታለች፤ የእርሷ እሽግ ከሌሎቹ ያነሰ ይተነፍስ ነበር። ለምግብ ንጽሕና ፈጽሞ የማይፈቀድ አሠራር ነው፤ ለምርመራው ግን ትልቅ ፍንጭ ሆነ። ከአፍ የሚወጣ ትንፋሽ እርጥብ ነው፤ በላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀጭን የውኃ ሽፋን ይተዋል።

እርጥበትና ሰዓት አንድ ታሪክ ናቸው። በበጋ የአዳማ ጠዋት ቀዝቀዝ ያለ ነው። 15 ዲግሪ ላይ ያለና 60 ከመቶ አንጻራዊ እርጥበት የያዘ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ወደ ሰባት ግራም ተኩል የሚጠጋ የውኃ ተን አለው። ያው አየር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን ከ30 ግራም በላይ መያዝ ይችላል፤ ያለው ያው ሰባት ግራም ተኩል ነው። ስለዚህ አንድ ጠብታ ውኃ ሳይቀነስ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ60 ወደ 25 ከመቶ ይወርዳል። ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለው የእርጥበት መለኪያ ከሰዓት በኋላ ያሳየው ንባብም ከዚህ ስሌት ብዙ አልራቀም። ከ30 ከመቶ በታች ስታቲክ እንደልቡ ይከማቻል።

ምን እየሆነ ነበር?

ማንኛውም ሁለት ነገር ተነካክቶ ሲለያይ አንዱ ከሌላው ጥቂት ኤሌክትሮኖች ይወስዳል። የወሰደው ኔጌቲቭ፣ የሰጠው ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ይህ ትርፍ ወይም ጉድለት ቻርጅ ይባላል። ሰው ሁሉ «በመፋተግ የሚመጣ ኤሌክትሪክ» ይለዋል፤ መፋተግ ግን የሚያደርገው የመነካኪያውን ስፋትና ብዛት መጨመር ብቻ ነው። ዋናው መነካካትና መለያየት ነው፤ ላስቲክን ከክምር ላይ ላጥ አድርጎ ማንሳት ብቻውን ይበቃል። የሰው ቆዳ፣ ፀጉር፣ ሱፍና ናይለን ኤሌክትሮን ወደ መስጠት ያደላሉ። ፖሊስተር፣ ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ወደ መቀበል ያደላሉ። ጥጥና ወረቀት መሐል ላይ ናቸው። ሌሊት የፖሊስተር ብርድ ልብስ ሲገለጥ ብልጭ የሚለው፣ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉርን የሚያቆመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቻርጁ በብረት ላይ ከሆነ ወደ መሬት መንገድ ካገኘ በቅጽበት ይፈሳል። በፕላስቲክ ላይ ግን ባለበት ቦታ ተቸክሎ ይቀራል። የአየር እርጥበት የሚረዳው ብዙዎች እንደሚያስቡት አየሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አይደለም። እርጥበቱ ከ50 ከመቶ ሲያልፍ በዕቃው ገጽ ላይ ዓይን የማያየው የውኃ ሽፋን ያርፋል፤ ቻርጁ በዚያ ሽፋን ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል። እፍ የተባለው ላስቲክ ምሥጢርም ይኸው ነበር።

በዚህ ቤት ቻርጅ የሚፈጠርባቸው ቦታዎች አንድ በአንድ ተፈለጉ። መፈለጊያው ርካሽ ነው፦ 20 ሴንቲሜትር የጥጥ ክር በአንድ ጫፉ ተይዞ ወደ ተጠረጠረው ዕቃ ይጠጋል፤ ቻርጅ ካለ ክሩ ወደ ዕቃው ያዘነብላል። የመጀመሪያው ቦታ ማዳበሪያው ነው። ዱቄቱ ከወፍጮ ቤት የሚመጣው በፖሊፕሮፒሊን ማዳበሪያ ነው፤ ወደ ፕላስቲክ ሳፋ ሲገለበጥ እያንዳንዷ ቅንጣት በፕላስቲክ ላይ ተንሸራታ ትወጣለች። ከዚያ የፕላስቲክ መስፈሪያ፣ ከዚያ የፕላስቲክ ፈነል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ይጨምራል። ክሩ ከሁሉ በላይ ያዘነበለው ግን ላስቲኩ ላይ ነው። ሠራተኞቹ የተጣበቀውን አፍ ለማላቀቅ ላስቲኩን በሁለት መዳፍ መካከል ያሻሉ። ከዚህ የተሻለ ቻርጅ ማመንጫ ሆን ብሎ መሥራት ያስቸግራል።

እንግዲህ ዱቄቱ በአንድ ወገን፣ ላስቲኩ በተቃራኒው ተሞልተው ይገናኛሉ፤ ይሳሳባሉ። ዱቄቱ ምንም ቻርጅ ባይኖረው እንኳ የተሞላ ላስቲክ ቀላል ቅንጣትን ወደ ራሱ ይስባል፤ ማበጠሪያ ቁራጭ ወረቀት እንደሚያነሳው ማለት ነው። ሽሮና በሶ ከበርበሬ ይልቅ የተጎዱበት ምክንያት ልመታቸው ነው። የቅንጣቷ ውፍረት በአሥር እጅ ሲያንስ ለአንድ ግራም የሚደርሰው ገጽ በአሥር እጅ ይጨምራል፤ ቻርጅ ደግሞ የሚያርፈው ገጽ ላይ ነው። ሻካራው በርበሬ ክብደቱ ያሸንፍና ይወርዳል፤ ልሙ ሽሮ በላስቲኩ ግድግዳ እስከ አፍ ድረስ ተለጥፎ ይቀራል።

ሠራተኞቹን የሚነዝራቸውም ይኸው ነው። በፕላስቲክ ወንበር ላይ በፖሊስተር ጋዎን ተቀምጦ መነሳት፣ በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ መራመድ ሰውነትን በብዙ ሺህ ቮልት ይሞላል። ሰው ንዝረቱ የሚሰማው ከ3,000 ቮልት አካባቢ ጀምሮ ነው። አስፈሪ ቁጥር ይመስላል፤ ሆኖም ሰውነት ቻርጅ የመያዝ አቅሙ ትንሽ፣ ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ ገደማ ስለሆነ በ5,000 ቮልት እንኳ የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 2 ሚሊጁል ነው። ጤነኛ ሰው ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም። የሚያሰጋው ሰው ደንግጦ እጁን የጋለ ማሸጊያ ላይ ሲጥል ነው።

በባሕር ጠለል ከፍታ አንድ ሚሊሜትር አየር ለመብሳት ወደ 3,000 ቮልት ያስፈልጋል። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ይላል፤ ብልጭታውም ትንሽ ቀደም ብሎ ይዘላል። ልዩነቱ ለማሸጊያ ቤት ብዙ አያሳስብም፤ የአዳማ ነፋስ ግን ያሳስባል፤ በእርጥበት በኩል ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የተደረገውና ያልሠራው

መጀመሪያ የተሞከሩት መፍትሔዎች ሦስቱም ስሕተት ነበሩ፤ በየቤቱ ስለሚደገሙ መናገሩ ይጠቅማል።

የላስቲኩን አፍ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዱቄቱን ያነሳል፤ ግን ጠረጋው ራሱ አዲስ ቻርጅ ይፈጥራል፣ ማሽኑ ዘንድ እስኪደርስ አፉ መልሶ ዱቄት ይለብሳል። የፖሊስተር ጨርቅ ከሆነማ ባይጠረግ ይሻል ነበር። ሁለተኛው፣ በፕላስቲኩ ፈነል ላይ ሽቦ ጠምጥሞ ከመሬት ማገናኘት ነው። በፕላስቲክ ላይ ያለ ቻርጅ አይንቀሳቀስም፤ ሽቦው የሚያወርደው የነካትን ነጥብ ብቻ ነው። ሦስተኛው በደህና ሐሳብ የተሠራ ነው፦ ሳፋው በማይዝግ ብረት ሳፋ ተተካና የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አሁን ብረቱ የዱቄቱን ቻርጅ ሁሉ ሰብስቦ የሚሄድበት አጣ። ዱቄት ከተገለበጠ በኋላ የቴስተሩን ራስ በአውራ ጣት ይዞ ጫፉን ሳፋው ላይ ማሳረፍ መብራቷን ብልጭ አድርጎ ያጠፋታል፤ ከመስመሩ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖር። ፕላስቲክ ሲነካ ከተነካው ቦታ ብቻ ይለቃል፤ መሬት ያልነካ ብረት ግን ያለውን ሁሉ በአንድ ብልጭታ ያወጣዋል። ብረት ማስገባት ጥሩ ነው፤ ኧርዝ (ቻርጁን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) ካልታሰረለት ግን ከፕላስቲኩ የከፋ ነው።

የሠራው እንዲህ ነው። ሳፋው፣ መስፈሪያውና ፈነሉ ሁሉ የማይዝግ ብረት ሆኑ። የፈነሉ አንገት 12 ሴንቲሜትር እንዲረዝም ተበየደ፤ ዱቄቱ እሽግ ከሚያርፍበት መስመር በታች ጠልቆ እንዲወጣ ነው። ሳፋውና ፈነሉ በ2.5 ሚሊሜትር ስኩዌር ተጣጣፊ ሽቦ፣ በብሎንና ጥርስ ባለው ሮንዴላ ታሰሩ። ሽቦው የሚነካው ቦታ ቀለም ካለው መፋቅ አለበት፤ የጠረጴዛው እግር ላይ ታስሮ «ኧርዝ ነው» የተባለው ሽቦ ከቀለሙ በታች አልዘለቀም ነበር።

ሽቦው መጨረሻ ላይ ከምን ጋር ይገናኝ? ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። የሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ኧርዝ መሆኑ መፈተሽ አለበት፤ በብዙ ቤት ቀዳዳው አለ፣ ከኋላው ሽቦ የለም። የውኃ ቧንቧ ድሮ ያገለግል ነበር፤ ዛሬ መስመሩ የፕላስቲክ ቧንቧ ከሆነ ዋጋ የለውም። ከኒውትራል (ከመብራት መስመሩ የመመለሻ ሽቦ) ጋር ማገናኘት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ሳፋው 220 ቮልት ይሆናል። በዚህ ቤት ኧርዝ ስላልነበረ ኤሌክትሪሺያን 1.5 ሜትር በመዳብ የተለበጠ ዘንግ ከግድግዳው ውጭ ቀብሮ መስመር አስገባ። ለስታቲክ ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ ጥራት ባላስፈለገም ነበር፤ ፍሰቱ ከማይክሮ አምፔር ስለማያልፍ 1 ሜጋኦም ያለው መንገድ እንኳ ቻርጁን ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያወርደዋል። ጥሩ ኧርዝ ግን ለማሽኑም ደኅንነት ስለሚያስፈልግ ወጪው አልባከነም። ከሳፋው እስከ ኧርዙ መግቢያ ያለው ሽቦ በመልቲሜትር ሲለካ ከ10 ኦም በታች ማሳየት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ብረት ከብረት በደንብ አልተያያዘም ማለት ነው።

ላስቲኩን በመዳፍ ማሸት ቆመ። አፉ በጣት ጫፍ ቀስ ተብሎ ይከፈታል፤ ከዚያ 4 ሴንቲሜትር ያህሉ እንደ ሱሪ እግር ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ፈነሉ ይገባል፣ ዱቄቱ በዝግታ ይፈሳል፣ ፈነሉ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ሰከንዶች ይጠበቃል፤ እጥፋቱ የሚመለሰው ማሽኑ ዘንድ ሲደረስ ነው። እሽጉ የሚያርፍበት ገጽ በሚሞላበት ጊዜ ሁሉ ወደ ውጭ የተገለበጠ ስለሆነ ከውስጥ የሚነሳው ዱቄት አያገኘውም። ለዚህ ላስቲኩ ከዱቄቱ በላይ ቢያንስ 6 ሴንቲሜትር ትርፍ ያስፈልገዋል፤ የግማሽ ኪሎው ላስቲክ አጭር ስለነበር በረጅም ተተካ። ማሽኑ ወደ 3 ቁጥር ተመለሰ፣ የጠቆረው ቴፍሎን ተቀየረ። ገንዘብ ካጠረ ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ይህ የማጠፍ ሥራ ነው፤ የሚጠይቀው ትንሽ ረዘም ያለ ላስቲክ ብቻ ነው።

ለሠራተኞቹ ፖሊስተሩ ጋዎን በጥጥ ተቀየረ፤ የፕላስቲክ ወንበሩ ወጥቶ የእንጨት ገባ። ዱቄት የምትሞላዋ ሠራተኛ አንድ እጇን ኧርዝ የታሰረው ሳፋ ላይ ስለምታሳርፍ ሰውነቷም ሳይሞላ ይውላል። ከተቀመጡበት የሚነሱ ደግሞ የበሩን ብረት ከመንካታቸው በፊት የሲሚንቶ ግድግዳውን በመዳፍ ይነካሉ፤ ቻርጁ በዝግታ ስለሚወርድ ንዝረቱ አይሰማም። ግድግዳው ዘይት ቀለም ከተቀባ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

እርጥበትን በተመለከተ ስሌቱ ይኸው። ክፍሉ 60 ሜትር ኩብ ነው። በ30 ዲግሪ እርጥበቱን ከ25 ወደ 45 ከመቶ ለማድረስ በአንድ ሜትር ኩብ 6 ግራም፣ በጠቅላላው ከአንድ ሦስተኛ ሊትር በለጥ ያለ ውኃ መትነን አለበት። ጥቂት ይመስላል። የክፍሉ አየር በሰዓት ሁለት ጊዜ ከተቀየረ ግን በየሰዓቱ ወደ ሦስት ሩብ ሊትር ይሄዳል፤ መስኮቱ በነፋሱ በኩል ከተከፈተ በአዳማ በጋ ምንም ያህል ቢረጭ አይበቃም። ስለዚህ ነፋሱ የሚመታው መስኮት ተዘግቶ በተቃራኒው ያለው ብቻ ክፍት ሆነ፤ ሁለት የረጠቡ ንጹሕ ጆንያዎች ከጠረጴዛው ራቅ ብለው ተሰቀሉ፤ ወለሉ ከምሳ በኋላ በእርጥብ መወልወያ ይወለወላል። ግቡ ከ45 እስከ 50 ከመቶ ነው። ከ60 ማለፍ የለበትም፤ ዱቄቱ እርጥበት ስቦ ይጓጉላል፣ በርበሬ ላይ ደግሞ ሻጋታና ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ ከስታቲክ የባሰ ጣጣ ነው። መለኪያው ካልተሰቀለ ይህን ሥራ ጭራሽ አለመጀመር ይሻላል።

ስታቲክ የሚቀንስ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ላስቲክ እንዲገዛ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የተለመደው ዓይነት የሚሠራው ወደ ላስቲኩ ገጽ ወጥቶ የአየሩን እርጥበት በመሳብ ነው፤ አየሩ ደረቅ በሆነበት ሰዓት፣ ማለትም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ይደክማል። በከፍተኛ ቮልት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አየኖችን (ቻርጅ ያላቸው የአየር ቅንጣቶችን) የሚረጨው መሣሪያ በእውነት ይሠራል፤ ከላስቲኩ አፍ ቅርብ መቀመጥ፣ መርፌዎቹም ከዱቄት በየጊዜው መጽዳት አለባቸው። ለዚህ ቤት መጠን ግን አላስፈለገም።

ስለ እሳት

የዱቄት ደመና ሊቀጣጠል እንደሚችል የሚያውቁ ሰዎች ሲጠይቁ ነበር። የተበተነ የእህል ዱቄትን በብልጭታ ለማቀጣጠል በብዛት በአሥሮች የሚቆጠሩ ሚሊጁሎች ያስፈልጋሉ፤ ከሰው እጅ የሚዘለው ብልጭታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ኧርዝ ያልታሰረ ትልቅ የብረት በርሜል ግን 500 ፒኮፋራድ ይዞ በ15,000 ቮልት ቢሞላ 56 ሚሊጁል ይለቃል። ብረት ሁሉ ይታሰር የሚባለው ለዚህም ነው።

ከዱቄት ይልቅ የሚያስፈራው ቤንዚን ነው፤ ተኑ በ0.2 ሚሊጁል፣ ማለትም ሰው ጨርሶ በማይሰማው ብልጭታ ይቀጣጠላል። ባልትና ቤቱ ለጄኔሬተሩ ቤንዚን የሚያመጣው በፕላስቲክ ጀሪካን ነበር፤ ጀሪካኑ በመኪና ምንጣፍ ላይ እንዳለ ይሞላል። አሁን ለነዳጅ የተሠራ ዕቃ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የመቅጃው አፍ ከዕቃው አፍ ጋር ተነካክቶ፣ በዝግታ ይቀዳል።

ከለውጡ በኋላ ከሰዓት በኋላ የታሸገው በሳፋ ውኃ ሲፈተን ከጠዋቱ የሚለይ አልሆነም። ያልተፈታው በሶው ነው። ከሁሉ ልም ስለሆነ በጣም ደረቅ በሆኑ ቀናት አሁንም ጥቂት ወደ አፍ ይወጣል፤ ስለዚህ በሶ ጠዋት ብቻ እንዲታሸግ ተደርጓል፣ ከሰዓት በኋላው ለበርበሬ ተተወ። ክረምት ሲገባ ጆንያዎቹ ይወርዳሉ፤ የእርጥበት መለኪያው ያን ጊዜ የሚያገለግለው ከ60 በላይ እንዳይወጣ ለመጠበቅ ነው። የኧርዙ ሽቦ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። በወር አንድ ጊዜ በመልቲሜትር ይለካል፤ ሮንዴላው ሥር ዱቄትና ቅባት ሲጠራቀም ንባቡ ከ10 ኦም በላይ ይወጣል፤ ያኔ ብሎኑ ተፈቶ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈግና መልሶ ይጠብቃል።